በገመድ የተላከ ሽምግልና

ጣሃ ሐሰን በሥራው ላይ ቀልድ አይወድም ነበር። በመካ ከተማ ሚስፈላ በሚባለው ሠፈር፣ ሐጂ ማሕሙድ በሚያከራዩት ባለአራት ፎቅ አሮጌ ቤት ውስጥ ገመድ ሲዘረጋ ያየው ሁሉ ለዚህ ምስክር ነው። ገመዱ የግድግዳውን ጥግ ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በየስንዝሩ በምስማር ማቀፊያ ይያዛል፤ መታጠፊያው ላይ አይጨማደድም። ዓሊ የሚባል የሦስተኛ ፎቅ ተከራይ አንድ ቀን ከሥር ቆሞ፣ ኢንተርኔቱ ከመጣ ገመዱ ቢንጋደድ ማን ይከስሃል ብሎ አሾፈበት። ጣሃ ከመሰላሉ ሳይወርድ፣ «ማንም አይከሰኝም፤ እኔ ግን በየቀኑ አየዋለሁ» ብሎ መዶሻውን አነሣ።

ለዚህ ሙያ ያበቃው የትምህርት ቤት ደጅ አልነበረም። ስምንተኛ ክፍልን ሳይጨርስ ከደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅ አካባቢ ተነሥቶ ባሕር ተሻገረ፤ የየመንን በረሃ በእግሩ አቋርጦ በ1998 ዓ.ም. ጅዳ ገባ። በኑዝላ ሠፈር መንገድ ዳር ጎህ ሲቀድ ተሰልፈው ቀጣሪ ከሚጠብቁት የቀን ሠራተኞች ጋር ሁለት ዓመት ያህል ቆመ። ሲሚንቶ ተሸከመ፤ ፍርስራሽ ጠረገ፤ የሰው ዕቃ አምስት ፎቅ አወጣ። አንድ ቀን ግን የሆቴሎችን የኮምፒውተር መስመር የሚዘረጋ ፓኪስታናዊ ባለሙያ፣ መሰላል የሚይዝለት ሰው ፈልጎ መኪናውን አቆመና ጣሃን ጫነው። መሰላል ያዥ ብዙውን ጊዜ አላፊ አግዳሚውን ያያል፤ ጣሃ ወደ ላይ ያይ ነበር። በአንዱ ገመድ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች እንዳሉ፣ ቀለማቸው ተራ እንዳለው፣ ተራው ከተዛባም መልእክት እንደማያልፍ አስተዋለ። ከሥራ ሲመለስ በአውቶቡስ ውስጥ፣ በልጅነቱ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የተጻፈለትን የቁርኣን አንቀጽ እየተወዛወዘ ይይዝበት በነበረው ዜማ፣ «ነጭ በብርቱካን፣ ብርቱካን፤ ነጭ በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ፤ ነጭ በሰማያዊ፣ አረንጓዴ፤ ነጭ በቡና፣ ቡና» እያለ አጠናው። በሦስተኛው ዓመት ባለሙያው መሰላሉን ለሌላ ሰው አስይዞ ጣሃን ወደ ላይ አወጣው። ከዚያ ወዲያ የሆቴሎቹን የስብሰባ አዳራሾች ካሜራና ማይክሮፎን የሚያቀናጀው፣ በሦስት አገር የተቀመጡ ሥራ አስኪያጆችን ፊት ለፊት የሚያገናኘው እርሱ ሆነ።

የሐጂ ማሕሙድን ቤት መስመር የዘረጋው ግን ማንም ቀጥሮት አይደለም። ሐጂ ማሕሙድ አያታቸው ከወሎ ለሐጅ መጥተው በዚያው የቀሩ፣ እርሳቸውም መካ ተወልደው ያረጁ፣ የመስገጃና የመቁጠሪያ ነጋዴ ናቸው። ኢንተርኔት የነበረው በእርሳቸው ክፍል ብቻ ነው። ጣሃ ከሚከራየው ክፍል ሌላ፣ በቀሩት ዐሥራ አራት ክፍሎች የሚኖሩት ወጣቶች የልጃቸውን ድምፅ በስልክ ይሰማሉ እንጂ ፊቱን አያዩም። ጣሃ ከሆቴል ዕድሳት የተረፈ ገመድና ስዊች የሚሉትን አሮጌ ማከፋፈያ ሣጥን አለቃውን አስፈቅዶ ወሰደ፤ ሳያስፈቅድ ቢወስደው የሚያየው አልነበረም፤ እርሱ ግን አስፈቀደ። በአንድ ወር የጁምዓ ቀናት መስመሩን ከፎቅ ፎቅ አደረሰ። ለየገመዱ ምልክት ሲሰጥ በቁጥር ፈንታ ፊደል መረጠ፤ ለመጀመሪያው ፎቅ የ«ለ»ን ቤት፣ ለሁለተኛው የ«መ»ን፣ ለሦስተኛው የ«ረ»ን፣ ለአራተኛው የ«በ»ን ሰጠ። «እኔ ሩ ነኝ፤ ተቋርጦብኛል» እያሉ ሲጠሩት፣ ቀለም ያልቆጠሩት ሳይቀሩ የመጀመሪያ ፊደላቸውን ከዚያ ሣጥን ላይ ተማሩ።

በ2005 ዓ.ም. የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ አዋጅ ወጣ። ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ወይም ከፊል ከሚሉት ሕጋዊ አሠሪው ውጭ ለሌላ ሰው የሚሠራ ሁሉ ወረቀቱን ያስተካክል፣ አለዚያም አገሩ ይግባ ተባለ፤ የመጨረሻው ቀን ጥቅምት 24 ቀን 2006 ዓ.ም. ሆነ። የጣሃ ኢቃማ ከብዙ ምልልስ በኋላ በአለቃው ስም ተዛወረ። እኅቱ ሀጂራ ግን ወረቀት አልነበራትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ዕረፍት የነፈገቻትን የቤት አሠሪዋን፣ ማዳሟን፣ ትታ ወጥታ፣ በኑዝላ ከጓደኞቿ ጋር ትኖር ነበር። ያጫት ኢብሮም ያው ነው፤ በመካ ኩዳይ ሠፈር የሐጃጆችን ሻንጣ አውቶቡስ ላይ ይጭናል፤ ኢቃማ የለውም። ሁለቱም ቀኑ ሳያልፍ ተመዝግበው አገራቸው ለመግባት ቆረጡ። ነገር ግን ባልና ሚስት የሆኑት አብረው ይሸኛሉ፣ ነጠላዎቹ ወንድና ሴት ተለይተው መቼ እንደሚወጡ አይታወቅም የሚል ወሬ በየቤቱ ይነገር ነበር። ሀጂራ ይህን ከሰማች ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ትለምናለች፦ ከመመዝገባቸው በፊት የጋብቻ ውላቸው፣ ኒካሑ፣ እንዲታሰር።

ኒካሕ ደግሞ ያለ አባት ፈቃድ አይታሰርም። አባታቸው አቶ ሐሰን፣ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ፣ ከአራት ዓመት በፊት ታላቂቱን ልጃቸውን በስልክ ድረዋል። ያን ጊዜ በስልኩ ማዶ «እኔ የልጁ አጎት ነኝ፤ እኔ የሠፈሩ ሽማግሌ ነኝ» ያሉት ሁሉ፣ ኋላ ሲጣራ የአንድ ክፍል ጎረምሶች ሆነው ተገኙ፤ ባል የተባለውም በዓመቱ ተሰወረ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ አቶ ሐሰን ከዚያ ወዲያ በድምፅ ልጅ እንደማይሰጡ ማሉ። ጣሃ ግን ሽማግሌዎቹን ፊት ለፊት አሳይዎታለሁ ብሎ ላከባቸው። በሐይቅ ከተማ የኢንተርኔት ቤት ያለው ገበያው፣ የጣሃ የልጅነት ጓደኛ፣ አዛውንቱን ኮምፒውተር ፊት ሊያስቀምጣቸው ቃል ገባ። ሦስቱ ቦታዎች፣ ሐይቅ፣ ሚስፈላና ኑዝላ፣ በአንድ የቪዲዮ ጉባኤ እንዲገናኙ ለረቡዕ ጥቅምት 20 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት እንዳበቃ ተቀጠረ።

ጣሃ ለዚህ ቀን የሚያውቀውን ሁሉ አፈሰሰ። በሐጂ ማሕሙድ የእንግዳ ክፍል ጠረጴዛ አቆመ፤ ብርሃኑን አስተካከለ፤ ካሜራውን በዓይን ትይዩ አደረገ። ለሽምግልና የተመረጡትን ሦስቱን፣ ሐጂ ማሕሙድን፣ ከኩዳይ የመጡ አንድ አዛውንትና የሠፈሩን የቁርኣን መምህር፣ እንደ ሆቴሉ ሥራ አስኪያጆች ጎን ለጎን አስቀምጦ ሻይም አቀረበላቸው። ምስሉ ሲከፈት የሦስቱም ፊት እንደ ሳንቲም ጠርቶ ታየ። በኑዝላ በኩል ሀጂራ ሻሿን እያስተካከለች ትጠብቃለች። በሐይቅ በኩል አቶ ሐሰን ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ። ሐጂ ማሕሙድ ሰላምታውን ጨርሰው ወደ ጉዳዩ ሲገቡ ምርኩዙ ከፍ አለ።

«ጣሃ፣ አለህ?»

«አለሁ፣ አባዬ።»

«እነዚህ ሰዎች ልጅ ሊለምኑኝ ነው የቀረቡት ወይስ በሬ ሊገዙኝ?»

አቶ ሐሰን መልስ አልጠበቁም።

«በሬ የሚገዛም ቢሆን ጥርሱን የሚያየው ቆሞ ነው» አሉና ተነሡ። በምስሉ ላይ ባዶ ወንበር ቀረ። ገበያው አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ አዛውንቱ በሩን ወጥተው መሄዳቸውን፣ ሊይዛቸውም እንደማይችል በኀፍረት ተናገረ። ሀጂራ ምስሏን ዘጋች።

የወሎ ሽማግሌ ልጅ ሊለምን ሲሄድ በደጅ ይቆማል። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ካልተባለ አይቀመጥም፤ እሺታ ሳያገኝ ውኃ እንኳ አይቀምስም። የአባወራው ክብርና የልጂቱ ክብር የሚለካው በዚያ መቆም ነው። ጣሃ ይህንን ከጡት ጋር ጠብቶታል፤ ግን ስንት ዓመት በስብሰባ አዳራሽ ሲሠራ፣ ሰው በካሜራ ፊት የሚቀመጥ ፍጥረት መስሎት ኖሯል። ሐጂ ማሕሙድም አልራሩለትም። «እኔ መካ ተወልጄ ነው፤ አላውቅም ልበል» አሉት፤ «ወንበር ላይ ያስቀመጥከኝ፣ ሻይ ያስያዝከኝ ግን አንተ የሐይቁ ልጅ ነህ። ኸላስ፣ በቃ፣ አሁን አትቀመጥ፤ አስተካክል።»

ሰው ሲሳሳት ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ የተቀየመውን ሰው ይወቅሳል፣ ወይ ሥራውን እንደገና ይመረምራል። ጣሃ ሁለተኛውን መረጠ። በማግሥቱ ገበያው ብስክሌቱን ይዞ እስከ ቀበሌው ወርዶ ለመነለት፤ ይዞ የመጣው መልስም አጭር ነበር፦ አቶ ሐሰን ጁምዓ ዕለት ይመጣሉ፤ ነገር ግን የሽማግሎቹን እግርም ፊትም ካላዩ ወንበሩ ላይ አይቆዩም። ቀነ ገደቡ ሊደርስ ከዚያ ጁምዓ ወዲያ ሁለት ቀን ብቻ ነበር የቀረው።

የእንግዳው ክፍል ርዝመት አምስት እርምጃ አይሞላም፤ በዚያ ውስጥ ሦስት ቆመው የሚታዩ ሰዎች እግርና ፊት በአንድ ምስል አይገቡም። ጣሃ ጣሪያውን አሰበ፤ ግን ከጎረቤት ዓይን የተከለለ አልነበረም። በመጨረሻ ዓይኑ ከምድር ቤቱ ኮሪደር ላይ አረፈ። ኮሪደሩ ከመንገድ በር እስከ ደረጃው ሥር ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። ኮምፒውተሩን በደረጃው በኩል፣ የተቀመጠ ሰው ዓይን በሚደርስበት ከፍታ አደረገው። ሽማግሎቹ ከመንገድ በር ገብተው ደፉ ላይ ይቆማሉ፤ አባቱ ደግሞ በቤቱ ውስጠኛ ጫፍ እንደተቀመጡ ይሆናሉ። ስለዚህ ቤቱ የሐጂ ማሕሙድ መሆኑ ቀርቶ የአቶ ሐሰን ሆነ። ከማከፋፈያው ሣጥን እስከዚያ አዲስ ገመድ ዘረጋ፤ ለአንድ ቀን ቢሆንም በየስንዝሩ በምስማር መታው። አምፖሉን ለወጠ። ማይክሮፎኑን በረጅም ሽቦ እስከ በሩ አደረሰ።

ጁምዓ ከሰዓት በኋላ፣ አባቱ ሳይደርሱ፣ ሙከራው ተጀመረ።

«እግር አለ» አለ ገበያው ከሐይቅ። «ፊት ግን የለም። ሦስት የዱቄት ከረጢት ቆሞ ነው የማየው።»

ምክንያቱ ለጣሃ ግልጽ ነበር። ከአንዱ መስመር ዐሥራ አራት ክፍል ይቀዳል፤ ያን ሰሞን ደግሞ ሰው ሁሉ ከቤት መውጣት ፈርቶ ከአገሩ ዘመድ ጋር በኢንተርኔት ተጣብቆ ይውል ነበር። ማከፋፈያው ሣጥን በእጁ ነው፤ ገመዶቹን አንድ በአንድ ቢነቅላቸው የሚጠረጥር አይኖርም፤ መቋረጥ የተለመደ ነው። ጣሃ ሣጥኑን አልነካም። ከአራተኛው ፎቅ ጀምሮ በየበሩ እያንኳኳ አንድ ሰዓት እንዲሰጡት ለመነ። ዐሥራ ሦስቱ ሳያስቸግሩ ዘጉለት፤ አንዳንዱም መርቆ ሸኘው። የቀረው ያ ያሾፈበት ዓሊ ነበር። በየጁምዓው በዚያ ሰዓት የአምስት ዓመት ልጁን ያያል።

«ይህ ሰዓት የልጄ ሰዓት መሆኑን ታውቃለህ» አለው ዓሊ።

«ስለማውቅ ነው የመጣሁት።»

«ሣጥኑ በእጅህ አይደለም እንዴ? ብትነቅለው ማን ያውቅብሃል?»

«ከነቀልኩት መስመሩ የእኔ ብቻ ይሆናል፤ የዘረጋሁት ግን ለሁላችን ነው።»

ዓሊ ኮምፒውተሩን በገዛ እጁ ዘጋ። «አንድ ሰዓት» አለ። «አንዲት ደቂቃ ብትጨምር፣ ወላሂ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ባንተ ላይ ነው የምልካቸው።»

ጣሃ ሲወርድ ገበያው የአንደኛው ሽማግሌ ጢም መታየት መጀመሩን አበሠረው፤ ነገር ግን ገና አልጠራም። በሐይቅ በኩል ያለው መንገድ ራሱ ጠባብ ነበር፤ ሁለት ምስል፣ የሚስፈላውንና የኑዝላውን፣ በአንድ ጊዜ አይሸከምም። ጣሃ ይህንን ለእኅቱ እንዴት እንደሚነግራት ሲያመነታ፣ እርሷ ቀደመችው።

«ወንድምዓለም፣ የእኔን ዝጋው። አባዬ እኔን ያውቁኛል፤ እነርሱን ይዩ።»

ለሠርጓ ለብሳ፣ ዓይኗን ተኩላ፣ ጓደኞቿ ዙሪያዋን ከበው ነበር። ጣሃ ምስሏን ዘጋው። ድምፅዋ ብቻ ቀረ።

አቶ ሐሰን ደርሰው ተቀመጡ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከደፉ ላይ ቆመው ሰላምታ አቀረቡ፤ እርሳቸውም መለሱ፤ ግን ተቀመጡ አላሉም። ከየት እንደመጡ ጠየቁ። ከየት እንደሚወለዱ፣ አባታቸው ማን እንደሚባሉ፣ ከነማን ጋር እንደሚዛመዱ አንድ በአንድ ጠየቁ። ከኩዳይ የመጡት አዛውንት ሰባት ቤት ሲቆጥሩ፣ አራተኛው ላይ አቶ ሐሰን የሚያውቁት ስም ተገኘ። በዚህ መካከል ከበሩ ውጭ የፖሊስ ጥበቃ መኪና ድምፅ ተሰማ፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር የመጣው ኢብሮ ወደ ግድግዳው ጥግ ተጠጋ። ሽማግሌዎቹ አልተነቃነቁም፤ መኪናው አልፎ ሄደ።

«መንገዱ ሁሉ ተዘግቷል ይባላል» አሉ አቶ ሐሰን። «እናንተ በምን መጣችሁ?»

ሐጂ ማሕሙድ ሁለት ቀን ሙሉ ከሌሎቹ ሲማሩ የሰነበቱትን ወግ ትተው ከልባቸው ተናገሩ። «ልጅዎ በዘረጋው መንገድ መጣን። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ አላደከመንም። ጉልበታችን የደከመው እዚህ፣ በደጅዎ ነው።»

የአቶ ሐሰን ከንፈር ፈገግ ሊል ሲል ተመለሰ። ኢብሮን ወደ ብርሃን እንዲወጣ አዘዙት። ፊቱን አዩ፤ ከዚያ መዳፉን እንዲያሳይ ጠየቁት። ኢብሮ ወደ ካሜራው ቀርቦ ሻንጣ ያሻከረውን መዳፍ ዘረጋ። ልጄን ይዘህ የት ትገባለህ ቢሉት፣ አገሩ እንደሚገባ፣ መሬት ባይኖረው ትከሻ እንዳለው መለሰ።

«ሀጂራ» አሉ አቶ ሐሰን። «አትታዪኝም። ሴት ልጅ ስትጠየቅ ዝምታዋ መልስ የሚሆነው ፊቷ ሲታይ ነው። ስለዚህ በአፍሽ ንገሪኝ፤ ፈቅደሻል?»

ጣሃ የኑዝላውን ድምፅ ከፍ አደረገው።

«ፈቅጃለሁ፣ አባዬ። ፈልጌም ነው።»

አቶ ሐሰን ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ አስተኙ። «እንግዲህ እናንተ ሰዎች» አሉ፤ «ለምን ቆማችኋል? ተቀመጡ እንጂ።»

ከኩዳይ የመጡት አዛውንት «አልሐምዱሊላህ» እያሉ በኮሪደሩ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አሉ። ከሐጂ ማሕሙድ ቤት ሴቶች እልልታው ወጣ፤ ከኑዝላም በገመዱ መጣ። የቁርኣን መምህሩ ግን ጥንቁቅ ሰው ነበሩ። ኒካሕ የሚታሰረው ወገኖቹ በአንድ ቦታ ተቀምጠው፣ በምስክሮች ፊት ነውና፣ አባትየው ሁሉም እያየ በዚህ ቤት ወኪል ይሹሙ አሉ። አቶ ሐሰን ሳያመነቱ ወኪላቸው ጣሃ መሆኑን ተናገሩ። ሁሉም ዞረው ፈለጉት። ጣሃ አልነበረም።

«ሰዓቱን አይቶ ወደ ላይ ወጣ» አሉ ሐጂ ማሕሙድ። «ለተከራዮቹ የአንድ ሰዓት ቃል ሰጥቷል። ጊዜው ሊሞላ ደቂቃዎች ቢቀሩት፣ መስመሩ መለቀቁን በየበሩ ሊነግር ሄደ። ያላ፣ ልጥራው?»

«ስንት በር ነው?»

«ዐሥራ አራት።»

«ተዉት፤ ይጨርስ» አሉ አቶ ሐሰን። «እኛ እንጠብቀዋለን።»

በላይኛው ፎቅ በሮች ሲንኳኩ ይሰማ ነበር። ክፍሎቹ አንድ በአንድ ወደ መስመሩ ሲመለሱ፣ ከሦስተኛው ፎቅ የዓሊ ልጅ ሳቅ ወረደ። በሐይቅም ምስሉ መደብዘዝ ጀመረ። ገበያው ተጨንቆ አንድ ነገር ሊነካካ ቢል አቶ ሐሰን እጁን ያዙት።

«ይደብዝዝ፤ የማየውን አይቻለሁ። ይህን ቤት ያገናኘው የእኔ ልጅ ነው ብለህ ለከተማህ ሰዎች ንገራቸው።»

ጣሃ ደረጃውን እየዘለለ ወርዶ፣ ላቡን በእጅጌው ጠርጎ ከኢብሮ ፊት ለፊት ተቀመጠ። መምህሩ እጅ ለእጅ አያያዟቸው፤ ጣሃ በአባቱ ስም ሰጠ፤ ኢብሮ ተቀበለ። ወረቀቱ ተጽፎ ምስክሮቹ ፈረሙበት።

እሑድ ጥቅምት 24 ቀን ጠዋት፣ ሀጂራና ኢብሮ ያንኑ ወረቀት ይዘው በጅዳ መመዝገቢያ በር ከቤተሰቦች ሰልፍ ውስጥ ጎን ለጎን ቆሙ። ጣሃ እስከ ሰልፉ ጫፍ ሸኛቸውና፣ ከሰዓት በኋላ የሚጠብቀው ሥራ ስለነበረ ወደ መካ ተመለሰ።